ኖር ለአባባ ማርኩ

ጎረቤቷ አባባ ማርኩ ሲሞቱ ብርቱ አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ዘመድ የላቸውም፣ ቀባሪ የላቸውም ተባለ። ከሩማንያ ብቻቸውን መጥተው፣ ሐደራ ከተማ፣ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ከእሷ ፎቅ በታች ብቻቸውን ኖረው፣ አሁን ደግሞ ብቻቸውን አፈር ሊገቡ ነው። ብርቱ ቆማ እያለች!

አባባ ማርኩ ከሕንጻው በር ላይ ወንበር አውጥተው መቀመጥ ይወዱ ነበር። ብርቱ ከገበያ ስትመለስ ያን የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ቆባቸውን አውልቀው ይነሱላታል። ለጽዳት ሠራተኛ፣ ያውም ትናንት ከጎንደር ለመጣች፣ ያኔ ማን ይነሳ ነበር? አንድ ቀን ወጉን አስተማረቻቸው፤ የሚነሳው «ኖር» ይላል፣ የተነሱለት ደግሞ «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ምላሳቸው እየተኮላተፈም ቢሆን «ኖር» ሳይሏት ቀርተው አያውቁም።

ለልጇ ለአቪሃይ ደወለች። «ለሙታን ጸሎት፣ ለቃዲሽ፣ የሚበቃ አሥር ወንድ አምጣልኝ፤ ያለዚያ ጸሎቱ አይደረስላቸውም።»

«በሴዴር፣ እሺ እማ» አለ። ሥራ ላይ ስለነበር ከጎንደር ለመጡት አይሁዶች ማኅበር በስልክ አጭር መልእክት ላከ፦ «እናቴ ለቅሶ ላይ ናት። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ሐደራ።»

እንግዲህ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ከተባለ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ማን ሞተ የሚባለው ኋላ ነው። ከነታንያ በለው ከአፉላ፣ ሕዝቡ በአውቶቡስ ወደ መቃብሩ ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ብርቱን ከበቧት።

«የትኛው ወንድምሽ ነው?» አለች ከአፉላ የመጣችው ደብሬ።

«ጎረቤቴ ናቸው። ሩማንያዊ ናቸው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። «ለማናውቀው ሰው ነው እስከዚህ የመጣነው?» ደብሬ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፤ አንዳንዶችም ወደ አውቶቡሱ ዞር አሉ። ብርቱ ፈራች። እነዚህ ከሄዱ አባባ ማርኩ እንደ ውሻ መጣላቸው ነው።

«ይነሱልኝ ነበር» አለች፣ ድምጿ እየተሰበረ። «ባዩኝ ቁጥር 'ኖር' ይሉኝ ነበር።»

ከሕዝቡ ጋር የመጡት ቄስ ዘበነ ጥላቸውን አጠፉ። «ደብሬ፣ መልሱ 'በእግዜር' የሆነው ለምን ይመስልሻል? የተነሱት በብርቱ ላይ ላደረው እግዜር ነው። እሳቸው በእሷ ላይ ያዩትን እኛ በእሳቸው ላይ ማየት ካቃተን፣ በሲግድ በዓል ተራራ ወጥተን የምንሰግደው ለማን ነው?»

 ደብሬ ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀች፤ ለቅሶውንም ራሷ ጀመረችው።

ቀባሪው ቃሬዛውን እየገፋ ሲመጣ ያን ሁሉ ሕዝብ አየና ሬሳ የተሳሳተበት መሰለው። «የሟች ቤተሰብ የት አለ?»

«እኛ ነን» አለ ከሥራ በቀጥታ የመጣው አቪሃይ።

በድንጋዩም በአግዳሚውም የተቀመጠው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ብርቱ በወገኗ ኮራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

«ኖር!» አለ ሕዝቡ።

የሚመልስ አልነበረም። ብርቱ ቀና ብላ፣ እጇን ቃሬዛው ላይ አሳርፋ፣ «በእግዜር» ብላ መለሰችላቸው።