የማካጎ ሚዛን

ሴቱንያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታት ማክሰኞ ዕለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በማሃላፒዬ ከተማ የሙሽራና የሚዜ ቀሚስ ስትሰፋ የኖረች፣ ዓይኗን ጨፍና ክር የምታስገባ ሴት፣ ያን ቀን ሰባት ጊዜ ሞክራ ሰባቱንም ሳተችው። ክሩን በምራቋ ላርጥበው ብትል ምራቅ ከየት ይምጣ! አፏ ኩበት ሆኗል። ተነሥታ ከባልዲው አንድ ጣሳ ውሃ ግጥም አደረገች፤ ደገመች። ከዚያ የመለኪያ ሜትሯን ወገቧ ላይ አዞረች። ካለፈው ሳምንት ሌላ አራት ሴንቲ ሜትር ጠፍቷል።

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እሷ ግን ሜትሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ደበቀችው፤ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ማካጎ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለቅዳሜ ከሰዓት ለምነው የክብደት መቀነሻ ማኅበር አቋቋሙ። የበኩር ልጃቸው ካጎ ስለሚባል፣ የካጎ እናት ለማለት አገሩ ሁሉ ማካጎ ነው የሚላቸው። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ አፈ ጮሌ ሴት ናቸው። ድሮ በር የማያስገባቸው ሴትዮ ሠላሳ ኪሎ ቀንሰው ሸንቀጥ ብለዋል። በዓመት ውስጥ መነጽር ሦስት ጊዜ ቀይረዋል፤ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ደግሞ ከእጃቸው አይለይም። «ምስጢሩ ውሃ ነው!» ይላሉ፣ በየመሐሉ እየተጎነጩ።

ሕጋቸው አጭር ነው፤ የበቆሎ ገንፎ እርም፣ ዳቦ እርም፣ ሥጋና ጮማ እስኪበቃሽ፣ ጠዋት ጠዋት ከእሳቸው የሚገዛ ቢጫ ዱቄት በሞቀ ውሃ።

«ገንፎ ደም ያጣፍጣል» አሉ በመጀመሪያው ቅዳሜ። «ስብ ጎጆውን የሚቀልሰው ጣፋጭ ደም ውስጥ ነው። ይህ ዱቄት ደሙን ያኮመጥጠዋል፤ ስቡ ቤት አጥቶ ይሰደዳል። በሃያ አንድ ቀን! በሳይንስ የተረጋገጠ ነው!»

«ማን አረጋገጠው?» አለች ሴቱንያ ከኋላ።

«ዶክተሮች ናቸዋ!»

«የት ያሉ?»

«ውጭ አገር።»

«ውጭ አገር ሰፊ ነው፣ ማካጎ። አያቴ እንደሆኑ በቀን ሦስቴ ገንፎ እየበሉ ሸንበቆ እንደመሰሉ ነው የሞቱት።»

«አያትሽ በሬ ተከትለው ያርሱ ነበር። አንቺ የምትከተይው ወንበር ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቱንያም ሳቀች፤ ተመዘገበችም። ታናሽ እህቷ ኬፊልዌ ልታገባ ነው፤ የሙሽራዋ እኅት ደግሞ እንደ ጆንያ ሆና ፎቶ ውስጥ ልትገባ አይደለም።

ዘጠኝ ቀን ታገሠች። በአሥረኛው ቀን አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ያ ድብልብል የዘይት ጥብስ ሊጥ፣ ማግዊንያ፣ ገና ከመጥበሻው ሲወጣ ሸተታት። አራቱን ዋጥ። በማግስቱም ሄደች። ዱቄቱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ረሳችው። «ቆይ፣ ሳይንሳቸውን ልፈትንላቸው» እያለች ራሷን ሸነገለች። ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ የወጣችው ለውርደት ተዘጋጅታ ነው። ሦስት ኪሎ ቀንሳለች! በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ማካጎ ፎቶዋን አስነሥተው በትልቁ አሳተሙና በሩ ላይ ሰቀሉት፤ ከሥሩ «ሴቱንያን እዩ!» ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶውን ያዩ አርባ ሴቶች ተመዘገቡ። ኬፊልዌም ተመዘገበች።

እንግዲህ አመጋገቡ ካልሆነ፣ ምንድን ነው የሚያከሳት?

ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳት። እዚያ ከተማ ውስጥ በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው መክሳት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያ ክፉ የኤድስ ዘመን ሳለ ቅዳሜ ያለ ቀብር አያልፍም ነበር፤ የሚቀበሩትም ወጣቶች ነበሩ። ታላቅ ወንድሟን ሞዓጊን የወሰደው ያው በሽታ ነው። ሱሪውን ያጠበበችለት እሷ ነበረች። አንዴ አጠበበችው፣ ሁለተኛ አጠበበችው፣ ሦስተኛ አጠበበችው። አራተኛው የተቀበረበት ነው። አሁን ደግሞ የራሷን ቀሚስ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበበች ነው። ባሏ ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው፤ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነው። በቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀናት የት እንደሚያድር ማን ያውቃል? የምታስበው አስጠላት፤ ማሰቡን ግን መተው አልቻለችም። መድኃኒት እንዳለው ታውቃለች፤ ፍርሃት ግን መቼ ዕውቀት ይሰማል!

ረቡዕ ዕለት ከቧንቧ ውሃ ስትቀዳ አንዲት የሰፈር አሮጊት የአንገቷን አጥንት ትክ ብለው አዩና፣ ምንም ሳይጠይቁ ባልዲዋን አንሥተው ደጇ ድረስ አደረሱላት። «አይዞሽ ልጄ» አሏት። ለሞዓጊም እንዲያ ነበር የሚሉት።

ሐሙስ ኬፊልዌ የሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጣች።

«እትዬ፣ እንዴት አምሮብሻል! እኔ ግን ያ ዱቄት ሆዴን አሳረረው እንጂ አንድ ኪሎ...» ብላ ጀመረችና ሴቱንያ ጣሳውን ሦስተኛ ጊዜ ስትሞላ አይታ አቆመች። «ምን ሆነሻል?»

«ማግዊንያ እየበላሁ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«በየቀኑ። ዱቄቱንም አልጠጣሁም። አጭበርብሬያለሁ፣ ኬፊ።»

ኬፊልዌ ፍርፍር ብላ ሳቀች። «አንቺ ሌባ! እኔን በዱቄት እያቃጠልሽ!...» ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። የእህቷን ክንድ አየች፤ ፊቷን አየች። ሁለቱም ያንኑ የሞዓጊን ሱሪ ነው ያስታወሱት።

«ፈራሁ» አለች ሴቱንያ። «እንደሱ ልሞት ነው መሰለኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ተነሽ!»

«ነገ እንሂድ።»

«አሁን ነው የምትነሽው! አለዚያ ጎረቤት ጠርቼ ነው የማሸክምሽ።»

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ሴቱንያ በዚያ ሁሉ ጊዜ የኬፊልዌን እጅ አለቀቀችም። ደም ተሰጠ። ሲስተሯ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ፣ ሴቱንያ ከአግዳሚው ብድግ አለች።

«የፈራሽው በሽታ የለብሽም» አለች ሲስተሯ።

ኬፊልዌ ጮኸች። ሲስተሯ ግን ፈገግ አላለችም። «ይጠማሻል?»

«ባሕር ብጠጣ አይበቃኝም።»

«ሽንት ቶሎ ቶሎ? ዓይንሽስ ይደበዝዛል?» ሴቱንያ ክሩን ነገረቻት። ሲስተሯ ጣቷን ወጋ አድርጋ ጠብታዋን ትንሿ መሣሪያ ላይ አኖረች። መሣሪያዋ ቁጥር መስጠት አቃታት፤ ከልኬ በላይ ነው ብላ አረፈችው። «ስኳር ነው። የበላሽው ሁሉ ደምሽ ውስጥ ይከማቻል እንጂ ሥጋሽ አያገኘውም። ሰውነትሽ ራሱን እየበላ ነው፣ እኅቴ። ሁለት ሳምንት ብትቆዪ በቃሬዛ ነበር የምትመጪው።»

አምስት ቀን አስተኟት። ኢንሱሊን መወጋትን ተማረች፤ ምን ያህል መብላት እንዳለባትም ተማረች። ገንፎም በልክ ተፈቀደላት።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ሄደች። ማካጎ ገና ከበሩ አቅፈው ሳሟት፤ እየጎተቱም ሚዛኑ ላይ አወጧት። «ኮከባችን መጣች! እዩ፣ እዩ!» ካሉ በኋላ ቁጥሩን አዩና ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። አራት ኪሎ ጨምራለች። ሴቱንያ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ዱቄቱን ትተሽው ነው!» አሉ ማካጎ።

«ዱቄቱን ድሮም አልጠጣሁትም። ገንፎም፣ ማግዊንያም ስበላ ነበር። ያከሳኝ ስኳር ነው፤ ዛሬ የጨመርኩት ስለዳንኩ ነው።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። ጥሙን ነገረቻቸው፤ እረፍት የሚነሳውን ሽንት፣ የሚደበዝዘውን ዓይን ነገረቻቸው። «እዚያ በር ላይ የሰቀላችኋት ሴት እየሞተች ነበር። እሷን ነው እዩ የተባላችሁት።»

ወርዳ ፎቶውን ገነጠለችው። ሴቶቹ እያጉረመረሙ፣ አንዳንዶቹ ዱቄታቸውን ወንበር ላይ እየጣሉ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ማካጎ ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ሴቱንያ» አሉ በሹክሹክታ። «ያ ጥም ያልሽው... ከመኝታሽ ያስነሳሽ ነበር?»

ሴቱንያ እንደ ልብስ ሰፊ አየቻቸው። ቀሚሱ ከትከሻቸው ወርዷል፤ የአንገታቸው አጥንት ወጥቷል። መነጽራቸው ሌላ ነው፣ አራተኛው። ቅድም ሞልቶ ያየችው ጠርሙስ አሁን ባዶ ነው።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለች።

«ሁለት ዓመት... መቅጠን ከጀመርኩ ጀምሮ።» ከንፈራቸውን በምላሳቸው ሊያረጥቡ ሞከሩ። «እኔ ዱቄቱ ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ይምጡ፣ እማማ። የድንገተኛው ክፍል ቅዳሜም ክፍት ነው።»

ክንዳቸውን ያዘች። ማካጎ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ፤ ጠርሙሱን ዘረጉላት።

«እሄዳለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ይህቺን ሙይልኝ።»