የገንቦው ዓሣ

ሀናን ቀለበቷን በመስታወቱ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገች። ውሃው ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ክንዴ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ደባርቅ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ዓሣውን ወስዶ አዳራሹ ውስጥ ሊያኖረው ነው የመጣው።

“ስጠራው ይመጣል አላልሽኝም?”

“ይመጣል፣ ወላሂ! ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ።”

ዓሣው ኢል ይባላል፤ እንደ እባብ ረጅም፣ ገላው እንደ ሐር የለሰለሰ። ሹፌሩ ባሏ ባሽር ከመተማ ሲመለስ ከነመስታወት ገንዳው አመጣላትና መልሶ ወደ መንገዱ ሄደ። ዓሣው መጀመሪያ በተሰበረ የገንቦ አንገት ውስጥ ተወሽቆ አልበላም ብሎ ነበር። ሀናን በየምሽቱ ቀለበቷን እያንኳኳች፣ ቀጭን የሥጋ ቁራጭ በወረንጦ እያቀረበችለት አለማመደችው። ወጥቶ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የስሜን ጉም ገደል ለገደል ሲሳብ ይመስላታል፤ ያን ጊዜ ቤቱም እሷም ቀስ ብለው ከመሬት ይነሳሉ። ባሏ በሌለበት ቤት ጓደኛዋ እሱ ነው።

አማቷ ፈትያ ግን ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ አጥርተው የማያዩትን ነገር ይፈራሉ። “ወይ እኔ፣ ወይ እባቡ” ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

“ያ ነገር ሄደ?” አሉ ከጓዳ።

“አልወጣም ብሏል፣ እማማ! የቤት ኪራይ የከፈለ ይመስላል” አለ ክንዴ።

“እንግዲያ ሽማግሌ ላክበት!”

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ፈትያ ሰግደው ሲያበቁ እንደ ወትሯቸው ግድግዳ እየዳበሱ መጥተው ለእባቡ አልለቅም ያሉት ቦታቸው ላይ፣ ገንዳው ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አላህን የሚያወሱበትን ዚክር ጀመሩ። የመቁጠሪያው ፍሬዎች አንድ በአንድ እንጨቱን ጠብ፣ ጠብ ያደርጉት ጀመር።

ከገንቦው አንገት ጥቁር አፍንጫ ብቅ አለ።

ሀናን እጇን አየች። መስታወቱን አልነካችም። ለካ ሁልጊዜ የምታንኳኳው አማቷ ዚክር ላይ ሳሉ ነበር፤ ዛሬ ብቻ ነው ለክንዴ ብላ የቀደመቻቸው።

“ምነው ዝም አላችሁ?”

“ወጣ፣ እማማ። የእርስዎን መቁጠሪያ ሰምቶ ነው። እኔ ሞኟ፣ ለእኔ ይመስለኝ ነበር።”

“የኔን?” ፈትያ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። “በዚህ ቤት የሚሰማኝ አለ እንዴ?”

ዓሣው ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ክንዴ እጅጌውን ሰበሰበ።

“አያቋርጡ፣ እማማ። አሁን ልይዘው ነው።”

የፈትያ አውራ ጣት አንዱ ፍሬ ላይ ቆመ። ከዚያ መቁጠሪያውን ጠቅልለው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። ዓሣው ጥቂት ጠበቀና ወደ ኋላው እየተሳበ ገንቦው ውስጥ ገባ።

“አስመለጡኝ እኮ!”

“ጄሪካንህን ይዘህ ሂድ፣ ልጄ። ዚክሬን አልጨረስኩም።”

በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ወደ ሀናን ዘረጉ።

“እስቲ ያቺን ወረንጦ አምጪልኝ።”