ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሰዓት

ልጁ እግሩ አላርፍ ብሎት የክሊኒኩን ኮሪደር ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። ከተዘጋው በር ወዲያ የጥርስ ሐኪሙ ታላቅ እህቱን አፋጠዋታል። መንቀያዎቹንና መሰርሰሪያዎቹን ጀርም እንዲሞት በእንፋሎት ማሽን የምትቀቅለው እሷ ናት። ትናንት አንድ ታካሚ ድዱ አመርቅዞ መጣ፤ የማሽኑ ስክሪን ሲታይ መቀቀሉ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት አንድ ሆኖ ተገኘ።

«ከትተሽ አወጣሽው እንጂ መች ቀቀልሽው!»

«ኧረ ዶክተር፣ እስኪያልቅ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ታዲያ ማሽን ይዋሻል?»

ልጁ ይህን ሲሰማ በሩ ላይ ቆመ። ሰዓቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው እሱ ነው። እሷ ከተባረረች ደግሞ የሁለቱም ጉሮሮ ይዘጋል።

ላፕቶፑን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋ። ፕሮግራሙ መቀቀሉ ሲጀመር ሰዓት ይጠይቃል፤ ሲያልቅም ይጠይቃል። ምኑ ተሳሳተ? ቤት ሲሞክረው እያንዳንዱን ወዲያው ያሳይ ነበር። ሁለቱም መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይታዩ ያሉት ሐኪሙ ናቸው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ጥፍሩን በላ። ድንገት በራለት። ሎካልታይም የሚባለው ትእዛዝ ሰዓት የሚያቀርብበት ሰሃን አንድ ብቻ ነው፤ ዳግም ሲጠየቅ የፊተኛውን ደፍቶ አዲሱን እዚያው ያቀርባል። እሱ ደግሞ ሰሃኑን ይዞ ምግቡን ያስቀመጠ መስሎት ነበር። ለካ መጨረሻ ላይ ሁለቴ የሚታየው ያለቀበት ሰዓት ብቻ ነው።

በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው!»

«አንተ፣ ማን ግባ አለህ?» አለች እህቱ።

«ዝም በይ፣ እታለም።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእህት ነገር ሆኖብህ ነው። የትናንቱን መነሻ ሰዓት አምጣና ልመንህ።»

«እሱማ ጠፍቷል። ግን ፕሮግራሙን ሳልነካው ማሽኑን አሁን እርስዎ ራስዎ ያስነሱት። እስኪያልቅ ይቁሙ።»

ሐኪሙ አስነሱት። ማሽኑ እያፏጨ ቀቀለ፤ እሳቸውም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ልጁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንቆራጠጥ እህቱ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ሲያልቅ ስክሪኑ በራ፤ መነሻውም መድረሻውም ያው አንድ ሰዓት።

ሐኪሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ ወደ ሥራሽ። አንተ ግን አስተካክለህ ውጣ፤ ከእንግዲህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አስተካክሎ ደረጃውን ሲወርድ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ይህንኑ ፕሮግራም ማዶ ላለው ክሊኒክም ሰጥቷል። እዚያስ አሁን በር ተዘግቶባት የምትለምን ትኖር ይሆን? የቀረውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደና መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረ።