ሙያ፦ ልዩ ልዩ

ፍቅሬ የፋብሪካ መካኒክ ይባል እንጂ የሚያውቀው የፈትል ማሽን ብቻ ነበር። እሱን ግን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ጎረቤቱ ኩማ በበኩሉ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ እጁ ያልገባበት ነገር የለም፤ ጣሪያ ይመታል፣ ሬዲዮ ይጠግናል፣ የዓሣ መረብ ይቋጥራል፣ ወለምታም ያሻል።

«አንተ እኮ እንደዚያ አባ ኮዳ እንደሚሉት ትልቅ ወፍ ነህ፤ ሐይቁ ዳር ያገኘኸውን ሁሉ ትለቅማለህ» ይለው ነበር ፍቅሬ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

ኩማ ይስቃል። «አንተ ደግሞ ዓሣ ብቻ እንደሚበላው ንስር ነህ። ሐይቁ የደረቀ ቀን እንተያያለን!»

በሰባ ሰባት ዓ.ም. ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘግብ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ፍቅሬ መዝገቡን ያዘ። የኩማ ተራ ደርሶ «ሙያ» የሚለው ጋ ሲመጣ እስክሪብቶው ቆመ።

«አንተ ታውቀኝ የለ? የመሰለህን ጻፍ» አለው ኩማ።

«አናጢ» ቢል ይበቃ ነበር። ፍቅሬ ግን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማሽን ስር የተኛ ሰው ነውና ሙያ የሚለውን ቃል ለማንም አይቸርም። ፈገግ ብሎ «ልዩ ልዩ» ሲል ጻፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ ኩራት ግን ነበረበት።

በሳምንቱ መመሪያ መጣ። ለምርት የሚያስፈልግ፣ የታወቀ ሙያ ያለው ይቆያል፤ የሌለው ይዘምታል። የኩማ ስም ከዘማቾቹ ጋር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ፍቅሬ ደንግጦ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ሮጠ።

«ጓድ፣ ተሳስቼ ነው። ኩማ አናጢ ነው።»

ሊቀመንበሩ አልተቆጡም። ደክሟቸው ነበር። «ልሰርዘው እችላለሁ። ግን ኮታው በአንድ ይጎድላል። በሱ ቦታ ማንን ላስገባ? አንተን?»

ፍቅሬ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ፣ ገና ለውትድርና የሚፈለግ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሊቀመንበሩ ትንሽ ጠበቁትና መዝገቡን ዘጉት።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ዘማቾቹ መናኸሪያው አጠገብ በቆመ ኦራል የጦር መኪና ላይ ተጫኑ። የኩማ ሚስት ታቢታ ከሰው መሃል ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ እንቢ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ እንቢ አለ። ታቢታ ዓይኗን ገለጠች።

«መካኒክ የለም እዚህ?» አለ ዘማቾቹን ሊወስድ የመጣው መኮንን።

«ፍቅሬ አለ!» አለ አንዱ።

ፍቅሬ ወደ ሞተሩ አጎንብሶ አየ። ምኑም አልገባውም። «እኔ የማውቀው የፈትል ማሽን ነው» አለ። ይህን ተናግሮ ሲያፍር የመጀመሪያው ነበር።

ፀሐይ ከረረች። መኮንኑ በመጨረሻ ሰዓቱን አይቶ፣ «ሌላ መኪና እስኪላክ ዛሬ ወደየቤታቸው ይመለሱ» አለ። ታቢታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ፍቅሬም እፎይ አለ። ሌላ መኪና እስኪመጣ ስንት ነገር ይለወጣል!

በዚህ መሃል ኩማ ከላይ ዘሎ ወረደ። «ናፍጣው አየር ስቦ ነው» አለ። ከሾፌሩ ቁልፍ ተቀብሎ አንዲት ቡሎን አላላ፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀ፣ መልሶ አጠበቃት። ኦራሉ አንዴ አስሎ ተነሳ።

«ኩማ! ምነው ብትተወው!» ብላ ጮኸች ታቢታ።

«ተበላሽቶ እያየሁት?» አለ ኩማ። ያደረገው ገና ያን ጊዜ የገባው ይመስል አንገቱን ደፋ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተመልሶ ወጣ። «ፍቅሬ፣ ታቢታን አደራ!»

መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ፍቅሬ መሸከም አቃተው።

«ታቢታ፣ መዝገቡ ላይ ሙያ የለውም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ላሰርዘውም ሄጄ፣ አንተ ሂድለት ሲሉኝ ዝም አልኩ።»

ታቢታ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ቅድም፣ መኪናው ቆሞ ሳለ በስህተት እንደተላከ ብትነግረው ኖሮ፣ ሞተሩን ሊጠግን ከላይ ባልወረደ ነበር» አለችና ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።