የጠቃጠቆ ሦስት ጠላቶች

እናንተስ ምንም ሳያደርጋችሁ፣ ገና ከሩቅ ስታዩት ደማችሁ የሚፈላበት ሰው የላችሁም? አላችሁ እንጂ። እሱን ስታዩ መንገድ ትሻገራላችሁ፣ ያልጮኸ ስልክ ታነሳላችሁ፣ ምንም የማትገዙበት ሱቅ መስኮት ላይ ታፈጣላችሁ። ታዲያ በዚህ ምክንያት «ክፉ ነው» ተብሎ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ከመካከላችሁ ማን ነው? ማንም። በጠቃጠቆ ላይ ግን ተለጠፈ።

ጠቃጠቆ የፀጉር ሠሪዋ ውሻ ናት። ነጭ ሰውነቷ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ፣ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ ናት። ፀጉር ሠሪዋ ያገኘቻት የዛሬ አራት ዓመት ከፀጉር ቤቷ ደጃፍ፣ ባዶ የሻምፑ ካርቶን ውስጥ ተኝታ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት አብራት ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ተጋድማ የገባ የወጣውን ስታይ ትውላለች። ሕፃን ጆሮዋን ቢጎትተው ዝም ነው። የሰፈሩ ድመት በሆዷ ላይ ቢራመድ ዝም ነው። ጎማ ጥገናው ቤት ያለውን፣ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበትን፣ ሰው ሁሉ ዳር ይዞ የሚያልፈውን ግዙፍ ውሻ እንኳ ስታገኘው እንደ አብሮ አደጓ ትሆናለች።

ነገር ግን በዓለም ላይ ሦስት ውሾችን አትወድም። አለመውደድ ሲባል ደግሞ ፊት ማዞር አይደለም። ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር እንደ ብሩሽ ይቆማል፣ ገመዷ እስኪወጠር ትወረወራለች፣ ከዚያች ትንሽ ደረት የማይጠበቅ ድምፅ ይወጣል። ከሦስቱ አንደኛው፣ እንዳለመታደል ሆኖ፣ ፀጉር ሠሪዋ የምትኖርበት ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ውሻ ነው።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ውሻቸው በረዶ ይባላል፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ፣ ረጅም ለስላሳ ፀጉር የለበሰ፣ ቆሞ ሲታይ ፊቱ የትኛው፣ ኋላው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግር ነው። ሰብሳቢው የዘሩን ወረቀት በመስታወት ውስጥ አድርገው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። አንድ ቀን ሁለቱ ውሾች የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ጠቃጠቆ ጮኸች፣ በረዶ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ፣ ገመዱ በሰብሳቢው እግር ተጠመጠመና ሰብሳቢው ደረጃው ላይ በመቀመጫቸው ተቀመጡ። መነጽራቸው እንኳ ከአፍንጫቸው አልወደቀም። በማግስቱ መግቢያው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ጠቃጠቆ የተባለችው ተናካሽ ውሻ በተፈጥሮዋ ክፉ፣ ዘሯም የማይታወቅ በመሆኑ፣ ከእሁዱ የነዋሪዎች ስብሰባ በኋላ ሕንፃውን ለቅቃ እንድትወጣ ተወስኗል።» ከሥሩ ማኅተም አለው። ለአንዲት ውሻ ማኅተም!

ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን ያነበበችው የፀጉር ቀለም የነካው ጓንት እንዳጠለቀች ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጀመሪያው ለመረዳት ነው፤ ሁለተኛው ለመናደድ። ብትናደድም አይፈረድባትም። «ተፈጥሮዋ ነው» ማለት የሰነፍ ሰው መልስ ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ማየት፣ መከታተል፣ ምናልባትም ተሳስቼ ነበር ማለት ይጠበቅበታል፤ «ተፈጥሮዋ ነው» ያለ ግን ማኅተሙን መትቶ ምሳውን ይበላል። ስንት ተማሪ በዚህች ቃል ከትምህርት ቤት ወጥቷል፣ ስንት ምራት በዚህች ቃል ስሟ ጠፍቷል።

ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በጣም ረጋ ያለ ሰው፣ ከጠብ ይልቅ ጨለማ ውስጥ መሰላል ላይ መቆም የሚቀለው። ነገሩ እስኪበርድ ውሻዋ ለጊዜው እህቱ ዘንድ ብትሄድ ምን ይመስልሻል አላት።

«ለጊዜው?» አለችው። «እህትህ ዘንድ ለጊዜው የሄደው ፍሪጅ ስንት ዓመቱ ነው?»

ስድስት ዓመቱ ነበር። ባልየው አንገቱን አከከና ሌላ መንገድ ያዘ። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ የሆነ ቦታ የተቋረጠ ሽቦ ስላለ ነው አለ። ጠቃጠቆ ከሁሉም ጋር ተስማምታ ከሦስት ጋር ብቻ የማትስማማ ከሆነ፣ ሦስቱ ዘንድ አንድ የሚመሳሰል ነገር መኖር አለበት። ይህ ብልህ ንግግር ነበር፤ ቀጥሎ ያደረገው ግን ብልህ አልነበረም። ነጭ ቀለም ይሆናል ብሎ ገመተና ነጭ ትራስ በገመድ አስሮ በኮሪደሩ እየጎተተ ሄደ። ጠቃጠቆ ቁጭ ብላ እስኪጨርስ ድረስ በሐዘኔታ ተመለከተችው። ደግሞም ከሦስቱ ጠላቶች አንዱ ጥቁር ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ራሷ የተሳሳተችው ስህተት ከፀጉር ሠሪ በቀር ማንም የማይሠራው ነው። ነገሩ የሽታ ነው አለች። የሰብሳቢው ሚስት በየሳምንቱ ቅዳሜ የምትሠራቸው ደንበኛዋ ናቸውና፣ በረዶ በኮኮናት ሻምፑና ቅባት እንደሚታጠብ ታውቅ ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሸተቱ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላቸዋል ብላ፣ ጠቃጠቆን በዚያው ሻምፑ አጠበቻት፣ ቅባቱን ቀባቻት፣ በማድረቂያ አደረቀቻት፣ አበጠረቻት። ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ ከበረዶ ጋር ሲገናኙ ጩኸቱ ከበፊቱ ባሰ። የተገኘው ውጤት አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ኬክ የሚጋግረው ማን እንደሆነ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ መጣች። አስተማሪዋ የሦስት ዓመት ደንበኛ ናት፤ ጠቃጠቆ ገና ከበር ስታያት ጫማዋን ትልሳለች። ያን ቀን ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ፀጉር ማሳጠር ፈለገች። ፀጉር ሠሪዋ አጠበቻት፣ እርጥቡን ፀጉር በሙሉ ወደ ፊት አበጠረችው፤ እስከ አገጯ ድረስ ወርዶ ፊቷን እንደ መጋረጃ ሸፈነው። መቀሱን ለማንሳት ወንበሩን ስታዞረው ከገንዳው ሥር ጉርምርምታ ተሰማ።

ጠቃጠቆ ቆማለች። የጀርባዋ ፀጉርም ቆሟል። የምታየው ደግሞ ጫማዋን አሁን የላሰችላትን አስተማሪ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ፀጉሩን ከመሀል ከፈተችው። ዓይን ወጣ። ጠቃጠቆ ጉርምርምታዋን ዋጠች፣ ጆሮዋን አስተኛች፣ እንዳፈረ ሰው ጎንበስ ብላ መጥታ ጫማውን ላሰች። ፀጉር ሠሪዋ መልሳ ዘጋችው፤ ጉርምርምታ። ከፈተችው፤ ጭራ። ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

«እኔ ልቆረጥ ነው የመጣሁት ወይስ ቲያትር ልሠራ?» አለች አስተማሪዋ ከመጋረጃው ውስጥ።

ፀጉር ሠሪዋ አልሰማቻትም፤ በልቧ ጠላቶቹን እየቆጠረች ነበር። በረዶ፣ ፀጉሩ እስከ አፍንጫው ወርዶ ዓይኑ የማይታይ። የጋራዡ ጠባቂ ጥቁር ውሻ፣ ጆሮውም ጭራውም ከሥሩ የተቆረጠ። የአትክልት ሻጩ ውሻ፣ ጆሮው ታሞ ቁስሉን እንዳያክ ሐኪሙ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ ያጠለቀለት፤ እሱ ደግሞ አንገትጌው ሳይመጣ በፊት ከጠቃጠቆ ጋር ይላፋ የነበረ ነው። ውሻ ከውሻ ጋር ሲገናኝ ይነጋገራል። ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ ያወዛውዛል፣ በጎን ይዞራል፤ ይህ ሁሉ «በሰላም ነው የመጣሁት» ማለት ነው። ሦስቱ ግን የሚናገሩበት አካል ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ተሸፍኗል። ጎማ ቤት ያለው ውሻ መልኩ ቢያስፈራም የሚያስበው ፊቱ ላይ ተጽፏል። በረዶ ደግሞ የባሰ ነው፤ በፀጉሩ ውስጥ አጥርቶ ስለማያይ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ይህ በውሾች ዘንድ «ና ይዋጣልን» ማለት ነው። ፊቱን በፎጣ የጠቀለለ ሰው ደረጃ ላይ ቀጥ ብሎ ቢመጣባችሁ እናንተስ ዝም ትላላችሁ?

ቅዳሜ የሰብሳቢው ሚስት ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ከማድረቂያው ካስክ ሥር ሲቀመጡ፣ ፀጉር ሠሪዋ አጠገባቸው ዱካ ስባ ተቀመጠችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ካስኩን ከፍ አድርገው ሰሟት። የበረዶ ክብሩ ፀጉሩ ነው፣ ባለቤቴ አንዲት ዘለላ እንድትነካ አይፈቅዱም አሉ።

«መቁረጥ አይደለም እትዬ፤ በማስያዣ ወደ ላይ መሰብሰብ ብቻ» አለች። «ለመሆኑ ዓይኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

ቡችላ ሳለ ይሆናል አሉ ሴትዮዋ፤ እንዴት ያለ ዓይን እንደሆነም እንጃ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ማስያዣውን ወዲህ በይ። ቀይ ይሁን። እሳቸውን ለእኔ ተዪልኝ።»

ባልየው ውሾቹን እሁድ ስብሰባው ላይ ልታገናኛቸው መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለቱ ውሾች ተሰብሳቢው ፊት ከተጯጯሁ ውሳኔው እዚያው ይጸድቃል፣ ጠቃጠቆም ሰኞ ቤት የላትም። «ሽቦውን ሳትሞክሪ መብራት ልትለቂበት ነው?» አላት። በረዶን ከሰብሳቢው እጅ አስወጥቶ የሚሞክርበት ሌላ ቀን ካለው ይንገራት ብላ መለሰችለት።

እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ሰብሳቢው የውሳኔውን ወረቀት በሙሉ ድምፅ አነበቡ፤ «ዘሯ የማይታወቅ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። ፀጉር ሠሪዋ እጇን አወጣች፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል አለች። የጠቃጠቆን ገመድ እጇ ላይ ሳይሆን ጣቷ ላይ ብቻ አንጠለጠለችው።

የሰብሳቢው ሚስት በደረጃው ወረዱ። ከፊታቸው በረዶ፣ አናቱ ላይ ሁለት ቀይ ማስያዣ አጥልቆ። በረዶ ዓይን ነበረው፤ አንደኛው ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ ዙሪያውን አየ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጋጨው የኖረውን የአበባ ማሰሮ አየውና በጨዋነት ዞሮት አለፈ። ከኋላ የተቀመጡት መሳቅ ጀመሩ። ሰብሳቢው አልሳቁም፤ የውሻቸውን ዓይን ነበር የሚያዩት።

የጠቃጠቆ የጀርባ ፀጉር ቆመ። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት። በረዶም ቆመ፤ አያት፣ ዓይኑን ሰበረ፣ አንገቱን ወደ ጎን መለሰ፣ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ መምጣቱን ትቶ በዳር በኩል ዞረ። የቆመው ፀጉር ቀስ እያለ ወደቀ። አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ጎን ለጎን፣ ዙሪያ። ከዚያ ጠቃጠቆ የፊት እግሮቿን መሬት ላይ ዘርግታ መቀመጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤ ይህን የማያውቅ ካለ፣ «እንጫወት» ማለት ነው። በረዶ ዕድሜውን ረስቶ ወንበሮቹ መሀል ሮጠ፣ ጠቃጠቆም ተከተለችው፣ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤትም እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው በሳቅ ፈረሱ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «መልካም ነው የኔ ልጅ። ማስታወቂያው ማታውን በጸጥታ ይነሳል። ነገሩን እዚህ ላይ እንዝጋው።»

ጭብጨባ ሆነ። ባልየው ረትተሻል፣ በቃ ተቀመጪ ለማለት እጅጌዋን ሳብ አደረጋት። ፀጉር ሠሪዋ እጅጌዋን አስለቀቀች።

«በጸጥታ አልተለጠፈምና በጸጥታ አይነሳም ጋሼ» አለች። «ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልኩም፤ መልስ ነው የምፈልገው። ተናካሽ ብለው ጽፈው ማኅተም መትተውበታል። የኮሚቴው መዝገብ እጅዎ ላይ ነው፣ ሰዉም ሁሉ እዚሁ አለ። ቀኑንና ስሙን ጠርተው በሁሉም ፊት ይንገሩን፤ ጠቃጠቆ ማንን ነከሰች?»