ደረቁ ኩሽኔታ

ፀሐይቱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ስትል ነው የምትውለው፤ ሰሞኑንማ ብሶባታል። ቂሊንጦ አጠገብ ከባልደረባዋ ጋር በተከራዩት መጋዘን የምትሠራው ሞተር ሽቦው እጅግ ካልቀዘቀዘ አይነሳም፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚሉት፣ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እክል የሚያሳልፍ ጉደኛ ነው። ከሚሽከረከረው ዘንግ ሙቀቱን ስቦ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ኩሽኔታው ራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደህና የነበረ ዘንግ አሁን አልበርድ አለ። ሐሙስ ገንዘብ ሊያወጡበት ያሰቡ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ፤ ካልተሽከረከረ የዓመታት ልፋቷ መና ይቀራል።

«ሰው ነክቶታል» አለች። ሞተሩን ፈትቶ ከማየት ሰው መጠርጠር ቀለላት፤ የሚጠረጠርም አላጣችም። ባልደረባዋ ዘካሪያስ ስልክ በተደወለለት ቁጥር ወደ ውጭ ይወጣል። ስትቀርበው ድምፁን ይቀንሳል። ሻይ ቢጋብዛት እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቦ ነው?» ብላ ሳትቀምሰው ተወችው።

ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ቦርሳውን በጥበቃው አስፈተሸችው፤ ያውም ከሰርቪስ የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ እያየ። ከምሳ ዕቃው ሥር እንደታሸገ አዲስ ኩሽኔታ ወጣ።

«የለወጥከውን ልትመልስ ነው አይደል?»

«ላንቺ ነው፣ ፀሐይ። ስንቱን በስልክ ለምኜ ያገኘሁት ነው። ሳይሳካ ተስፋ እንዳልሰጥሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔን ነው የምታታልለው? ሌባ!»

ዘካሪያስ ኩሽኔታውን በጥበቃው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ፀሐይቱ አላዘነችም፤ እንዲያውም እፎይ አለች።

ኩሽኔታውን ለጋሽ ጀቤሳ ሰጠቻቸው፤ ዕድሜያቸውን የአቃቂን ወፍጮ ቤቶች ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን መጋዘኑ ውስጥ የሚያግዟት፣ የምታምናቸው ሰው ናቸው። አሮጌውን ፈትተው አዲሱን ሊገጥሙ ሲሉ እጃቸው ወደ ግራሶው ጣሳ ሄደ።

«ይኼንንም ላጠጣው?» አሏት።

«ምኑን?»

«ግራሶ ነዋ! ያኛው ደርቆ ሲያፏጭ ሰምቼ አሳዘነኝ፤ እስኪጠግብ አጠጣሁት። ኩሽኔታ ያለ ግራሶ ይኖራል እንዴ፣ ልጄ?»

ፀሐይቱ ጣሳውን ከእጃቸው ነጠቀች። ኩሽኔታው ሆን ተብሎ ደረቅ የተደረገ ነው፤ ግራሶ በዚያ ብርድ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሙቀቱንም ያግዳል። ይህን ለጋሽ ጀቤሳ መንገር እንዳለባት አንድም ቀን አላሰበችም።

አዲሱን እንደ ደረቀ ገጠሙት። ከሰዓት በኋላ ዘንጉ በረደ፣ ሞተሩም ተነሳ። ጋሽ ጀቤሳ አጨበጨቡ። እሷ ግን አፍራ ደጅ ወጣችና ለዘካሪያስ ደወለች።

«ተሽከረከረ?» አላት ቀድሞ።

«ተሽከረከረ፣ ዘኪ። እኔኮ...»

«እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ዘጋው። ደግማ ብትደውል ስልኩን አጥፍቶታል።