የጋርዴኒያው ጉንደላ

ቲጃኒ መጋዙን ከአልጋ ሥር ሲያወጣ ሚስቱ ዘይቡ ቤት አልነበረችም። አሰንዳቦ ለቅሶ ሄዳ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ብትኖር ኖሮ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ መጋዙን ከግቢ ታስወጣ ነበር።

በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤታቸው በረንዳ ጥግ የቆመው ባለ ነጭ አበባ ጋርዴኒያ የእሷ ነው። ጎረቤቷ ያለምወርቅ ከሰጠቻት ዝንጣፊ፣ በብርጭቆ ውሃ ሥር አስወጥታ ነው ያሳደገችው። የቧንቧ ውሃ አይስማማውም ብላ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ታጠራቅምለታለች። የቀዘቀዘ የቡና አተላ ሥሩ ታፈስለታለች። አመድ ያደርቀዋል ባይ ናትና፣ አመድ ይዞ ወደዚያ ጥግ የተጠጋ ሰው ግን ወዮለት! ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም እንቡጡን በጣቷ ዳስሳ «ይሄ ነገ ይፈነዳል» ትላለች፤ ይፈነዳልም። ሲያብብ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ፊቷን አበባው ውስጥ ቀብራ ትቆያለች። ቲጃኒ አንዳንዴ በዛፍ ይቀና ነበር፤ ሰው ምን የማይሆነው አለ!

እሱ የቡና ሰው ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። በአጋሮ በኩል ከአባቱ የወረሰው ቡና በስልሳ ሰባቱ የመሬት አዋጅ ከተወሰደ ስምንት ዓመት ሆነው። ስለዚያ ነገር ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ዘመኑም የሚያስተነፍስ አልነበረም። በዚያ መንገድ ሲያልፍ ግን ያረጀው ቡና ሳይጎነደል ቆሞ ያያል፤ አንጀቱ ያርራል። ያረጀ ቡና ከጉልበት ዝቅ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ሁለት ዓመት ይታገሡታል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ያፈራል። በዚህ ሥራ ቲጃኒን የሚስተካከል አልነበረም።

ያን ቀን ጠዋት የጋርዴኒያው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አገኘው። ተንበርክኮ ግንዱን ዳሰሰ፣ ቅጠሉን አገላበጠ። ቁርጥ ያረጀ ቡና! «አርጅቷል፣ ደክሞታል» አለ ለራሱ። እንቡጥ ነበረው፤ ያውም ብዙ። አይቷል። አይቶም መጋዙን አመጣ። ዝናብ እንዳይቋጥርበት ሰያፍ አድርጎ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ቆረጠው። እጁ ምንም አልረሳም። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ብቻውን ሳቀ።

በአሥር ሰዓት የእህቷ ልጅ ባህሪያ ዘይቡን እጇን ይዛ ከአውቶቡስ ተራ አመጣቻትና ተመለሰች። ዘይቡ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጥጉ ሄዳ እጇን ዘረጋች። ምንም የለም። ወደ ግራ ዘረጋች፤ ወደ ቀኝ ዘረጋች። ቲጃኒ የሠራው ሥራ የገባው ያኔ ነው። በመጨረሻ ጎንበስ ስትል ጉቶውን አገኘችው።

«ማል ጎቴ፣ ቲጃኒ? ምን አደረግህ?»

«ቢጫ ሆኖ ነበር። ጎነደልኩት። ወላሂ በሁለት ዓመት ውስጥ ከበፊቱ በልጦ ያብባል።»

«እንደ ቡና?»

«እንደ ቡና።»

«ቢጫ ሲል አተላ ነው የሚፈልገው። እኔ ስላልነበርኩ ነው የከፋው እንጂ አላረጀም።» ጉቶውን በመዳፏ ሸፈነችው። «ዓይኔ ከሄደ ወዲህ መንጋቱን የማውቀው በሱ ሽታ ነው። ሁለት ዓመት በምን ልወቀው?»

«አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

«ዛሬ አልችልም። ነገ ጠይቀኝ» ብላ ገባች።

በማግስቱ ከሰላት ስትነሳ ጠብቆ ጠየቃት። እሷም መልሳ ጠየቀችው።

«ስትቆርጠው ደስ ብሎህ ነበር?»

ሊዋሽ አሰበ። ማየት የማትችል ሴት ፊት መዋሸት ቀላል ይመስላል፤ ቲጃኒ ግን አቃተው።

«አዎ» አለ። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ቡናችን ከተወሰደ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ቡናው በተወሰደ ቀን አንዲት እንባ ያላወጣው ሰውዬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ዘይቡ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በዳበሳ እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ብትነግረኝ እኮ የምትቆርጠው አንድ ቅርንጫፍ እሰጥህ ነበር።»